የቆላ ቤቱ አፍንጫ

ሎሚ ስቱኮውን፣ የመስታወት ማጣበቂያውን፣ የምታሸው በመዳፏ ግርጌ ነው። በተፈጨ ጠመኔ ላይ የተልባ ዘይት ጠብ ታደርጋለች፣ ታሻለች፣ እንደገና ጠብ ታደርጋለች። ጣት ላይ ከተጣበቀ ዘይቱ በዝቷል፤ ከተሰነጣጠቀ አንሷል። የጎባ ብርድ ስቱኮን ድንጋይ ስለሚያደርገው ለስለስ እስኪል በብብቷ ትይዘዋለች። ከዚያ አሮጌውን ከመስኮቱ እንጨት በስካርፔሎ መሮ ትፍቃለች፣ ትቢያውን በዶሮ ላባ ትጠርጋለች፣ አዲሱን በስሱ ዙሪያውን ታለብሳለች። መስታወቱን በጠርዙ ይዛ ታስቀምጠዋለች፤ ስትጫነውም ጠርዝ ጠርዙን ነው። አናት የሌላቸውን ቀጫጭን ሚስማሮች በመዶሻው ጎን ገፋ ገፋ ታደርግና፣ በላያቸው ሁለተኛውን ስቱኮ ደርባ፣ ውሃ ቁልቁል እንዲንሸራተት አጋድማ በቢላ ትልገዋለች። በመጨረሻ ዘይት በነካ አውራ ጣቷ ከላይ እስከ ታች አንዴ ትሄድበታለች። ሁለተኛ አትመለስበትም።

በጥር ወር አንድ ጠዋት ይህን የምትሠራው በወፍጮ ቤቱ መስኮት ላይ ነበር። ሰማዩ ደመና ነው፤ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል።

ወፍጮ ቤቱ የአቶ ገብረወልድ ነው። አስመራ ጋራዥ ውስጥ ያደጉ መካኒክ ናቸው፤ ወደ ባሌ ጠቅላይ ግዛት የመጡት መኪና ሊጠግኑ ነበር፤ ሚስት አግብተው፣ ሞተር ገዝተው፣ ጎባ ቀሩ። ጣልያን የሠራው አንድ መጋዘን ሲፈርስ የመስኮቶቹን መቃንና መስታወት ሰብስበው ገዙና ከወፍጮው ጀርባ ቤት አድርገው አቆሙት። ከሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈልቶ የሚወጣውን ውሃ በቧንቧ ወስደው ከአፈር መደቦቹ ሥር አዞሩት። ውጭ ውርጩ ሣሩን ሲያነጣው፣ ውስጥ ሙዝ ቅጠል ያወጣ ጀመር። ከደሎ መና ፓፓያና ሸንኮራ፣ ከሐረና ጫካ ቡናና ኮረሪማ አስመጡ። ቀጥሎ እንስሳ መጣ፤ ሁለት ኤሊዎች፣ ከጊኒር በታች ካለው በረሃ በሽቦ ቤት የመጡ ትናንሽ ሰማያዊ ወፎች፣ አንዲት እስስት፣ ከድመት ብዙም የማትበልጥ ሚዳቋ መሳይ አንዲት እንሹ። የጎባ ሰው ስሙን ቆላ ቤት አለው። ዕድሜውን ሙሉ ከደጋ ወርዶ የማያውቅ ሁሉ ቆላን እዚያ አየ።

ሎሚ ከሲናና ስትመጣ በዚሁ ወፍጮ ቤት ዱቄት ነፊ ነበረች። አቶ ገብረወልድ አንድ ቀን ስታቦካ አይተው፣ "ሊጥ የለመደ እጅ ስቱኮም አያቅተውም" ብለው ሥራውን አሳዩዋት። ከዚያ ወዲህ በቆላ ቤቱ ላይ እጇ ያልገጠመው መስታወት የለም ማለት ይቻላል። ወፎቹን የምታበላ እሷ፣ እንግዳ የምታስጎበኝ እሷ፣ የጣሪያውን መተንፈሻ የምትከፍትና የምትዘጋ እሷ ናት። መተንፈሻው በረጅም የብረት ዘንግ ከውስጥ ሆኖ የሚገፋ አንድ ሰፊ መስታወት ነው። ሎሚ አፍንጫው ትለዋለች።

ያን ሰሞን የሞተሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ አንዱ ብረት ሻሸመኔ ለብረት ቀራጭ፣ ለቶርኖ ሠራተኛ፣ ተልኮ ነበር። ሞተሩ ቆመ፤ ቧንቧው ቀዘቀዘ። አቶ ገብረወልድ ለሙዛቸው ፈርተው ሦስት ትልልቅ የከሰል ምድጃ አቀጣጥለው ቆላ ቤቱ ውስጥ አስገቡ።

"አፍንጫው ግን ክፍት ይሁን" አለች ሎሚ።

"ሙቀቱ በዚያው ሊወጣ? ከሰሉን ለሰማይ ነው እንዴ የማነደው?"

"ይውጣ። ከተማ በገባሁበት ክረምት በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሰል አንድጄ ተኝቼ፣ ሲነጋ ራሴን ማንሳት አቅቶኝ ነበር። ለኔ ባያዝኑ ለወፎቹ ይዘኑ።"

"እሺ፣ ለወፎቹ ስል" አሉ አቶ ገብረወልድ። አፍንጫው አንድ መዳፍ ያህል ተከፈተ።

ሎሚ የወፍጮ ቤቱን መስኮት ጨርሳ ቢላዋን ስትጠርግ አራት የማኅበር ሴቶች አራስ ጠይቀው ሲመለሱ ደረሱ። ከፊት ወይዘሮ አሰገደች ናቸው፤ ባላቸው ሹም ነው፤ ድምፃቸው ከሰውነታቸው ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ከኋላ፣ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርበው፣ ሎሚ የተከራየችበት ግቢ ባለቤት እማማ ወለተኢየሱስ ይጎተታሉ። ሎሚ መጀመሪያ ከተማ ስትገባ ከአማርኛ የምታውቀው ሰላምታ ብቻ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ ያስተማሯት እማማ ናቸው፣ አብዛኛውን በቁጣ። ስንት ጊዜ ለምናቸው ቆላ ቤቱን ሊያዩ መጥተው አያውቁም። ዛሬ ሲመጡ ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

"አካም ጅርታ፣ ሎሚ" አሉ ወይዘሮ አሰገደች። "በቅሎ ሳንጭን፣ ስንቅ ሳንይዝ፣ ቆላ ልንወርድ መጣን።"

"ፈያ፣ እትዬ። ጫማዎትን ጠረግ ያድርጉና ይግቡ።"

"እኔ ደጅ እቆያለሁ" አሉ እማማ። "አውሬ ካለበት ቤት ምን አለኝ።"

"እማማ፣ አውሬው ኤሊ ነው።"

"ቤቱን ተሸክሞ የሚዞር ምን ሰላም አለው?"

ሳቁ። ሎሚ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ሙቀቱ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ አንደኛዋ ነጠላዋን ከራሷ አወረደች። ወይዘሮ አሰገደች የሙዙን ግንድ መታ መታ አደረጉ።

"ይሄ ሙዝ ነው የምትይኝ? እንሰት አምጥታችሁ እያታለላችሁን እንዳይሆን።"

"ሲያፈራ ይምጡና ይፍረዱ።"

እስስቷ ቡናው ላይ ነበረች፤ አንድ ዓይኗን ወደ ሴቶቹ፣ አንዱን ወደ ዝንብ አድርጋ። እማማ ወለተኢየሱስ ወደ ኋላ ሸሹ። "ከተፋችብን ለምጽ ነው፤ አውጡኝ።"

"አትተፋም እማማ። ዝንብ ብቻ ነው የምትበላው።"

"ዝንብ ከበላችማ" አሉ ወይዘሮ አሰገደች፣ "ለኛ ቤት ትዳርልን።"

እንሹዋ ከኮረሪማው ሥር ብቅ ብላ እርጥብ አፍንጫዋን ወደ እማማ ቀሚስ ዘረጋች። እማማ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ኋላ ጎንበስ ብለው በአንድ ጣት ግንባሯን ነኩ። "ይቺስ የሰው ልጅ ዓይን ነው ያላት" አሉ። እዚያው በሩ አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጡ።

ሎሚ የብረቱን ዘንግ አሳየቻቸው። "ይሄን እንዳትነኩት። ፍሙ እስካለ ድረስ አፍንጫው ክፍት ነው የሚቆየው።"

"ነፋሱ ማጅራቴ ላይ ነው" አሉ እማማ።

"ዱካውን ወደ በሩ ጠጋ ላድርግልዎት።" አደረገችላቸው።

ወዲያው አቶ ገብረወልድ ከወፍጮ ቤቱ ተጣሩ። የቧንቧውን መገጣጠሚያ ፈተው ሊጠቀልሉ ነበር፤ የሚይዝላቸው ሰው አጡ። ሎሚ "መጣሁ" ብላ ሴቶቹን ትታ ወጣች።

ውስጥ የሆነውን የነገሯት በኋላ ነው። ሴቶቹ ላብ ያዛቸው። አላባቸው ማለት ደግሞ አለቀ ማለት ነው፤ ላብ ላይ ነፋስ የመታው ሰው ስንቱ እንደተቀበረ እማማ ስም እየጠሩ ቆጠሩላቸው። ከአራስ ቤት መጥተናል፣ ሰውነታችን ክፍት ነው ተባለ። ስለዚህ አንደኛዋ ተነስታ ዘንጉን ሳበችና አፍንጫውን ዘጋች። በበሩ ሥር የሚገባው ብርድ የእማማን እግር ስለቆረጠመ፣ አንዱን ጋቢ ጠቅልለው ከበሩ ሥር ወተፉት። "ከሰሉስ?" ያለች አልጠፋችም። ወይዘሮ አሰገደች ምድጃውን አዩት። ፍሙ ቀይ ነው፣ ጠርቷል፣ ጭስ የሚባል የለውም። ከሰል ጭሱ ካለቀ አይጎዳም፤ ይህን የማያውቅ የጎባ ሴት የለም። ተመልሰው ተቀመጡ። ራሳቸው ከበድ ሲላቸው፣ ቆላ እንዲህ ነው፣ እንቅልፍ ያመጣል ተባባሉ።

ወፍጮ ቤት ውስጥ ሎሚ ቧንቧውን በሁለት እጇ ደግፋ ይዛለች። አቶ ገብረወልድ ካናፓውን፣ ቃጫ መሳዩን ማሸጊያ፣ በቧንቧው ጥርስ ላይ እየጠመጠሙ ነው፤ ቀስ ብለው፣ አንድ ጭረት ሳያሳልፉ። ከለቀቀችው መገጣጠሚያው ይዛባል፤ ከላይ በርሜሉ ውስጥ የቀረው ውሃ ሁሉ ይፈሳል። በሩ ላይ ጋሪ ነጂው አብዶ ስንዴውን አራግፎ ተቀምጧል።

"ወይዛዝርቱ ቆላ ወርደው ቀሩ እንዴ?" አለ።

"ምነው?"

"ጸጥ አሉ። ቅድም ሳቃቸው በቅሎዬን ያስደነግጣት ነበር።"

ሎሚ ጆሮዋን ጣለች። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ሌላ ምንም የለም። ወይዘሮ አሰገደች ባሉበት ዝምታ ሰምታ አታውቅም።

"ጋሼ፣ ልሂድ።"

"ትንሽ ቀረኝ፤ እንዳትነቃነቂ።"

ያዘች። አንድ ዙር ጠመጠሙ። ሁለት። ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ከዚያ ቧንቧውን ለቀቀች። ውሃው በአቶ ገብረወልድ ደረት ላይ ሲወርድ፣ ስሟን እየጠሩ ሲሳደቡ፣ እሷ ግቢውን አቋርጣለች።

አፍንጫው ተዘግቷል።

መስታወቱ ሁሉ ከውስጥ ላበት ለብሶ ነጭ ሆኗል። ጥግ ላይ ጤዛው ወርዶ ጠራ ያለ ቦታ አገኘችና ዓይኗን አስጠጋች። ወፎቹ ከእንጨታቸው ላይ የሉም፤ ሽቦ ቤቱ ወለል ላይ ወድቀዋል። ሁለቱ ሴቶች መደቡ ላይ ተደጋግፈዋል። ወይዘሮ አሰገደች አገጫቸው ደረታቸው ላይ ነው። እማማ ከዱካው ተንሸራተው በሩ ላይ ተዘርፍጠዋል።

በሩን ገፋችው። የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው፤ እንጨቱ በእርጥበቱ አብጧል፣ ከሥሩ ጋቢ ተወትፏል፣ ከጀርባው እማማ አሉ። አልተነቃነቀም።

መስታወቱን ደበደበች። ወይዘሮ አሰገደች ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ፤ እጃቸውንም አንስተው፣ እንቅልፉን የሚረብሽ ሰው እንደሚያባርሩ አድርገው፣ ሂጂ አሏት። መልሰው ጨፈኑ።

"መዶሻ" አለች ሎሚ። አብዶ ከኋላዋ ደርሶ ነበር፤ ሮጦ ሄደ።

አቶ ገብረወልድ ልብሳቸው እየተንጠባጠበ ደረሱ። አጎንብሰው አዩ። ሎሚ ወይዘሮ አሰገደች እጃቸውን አንስተው እንዳባረሯት ነገረቻቸው። "ተኝተው ነው እኮ። ሙቀት ነው። እጃቸውን አነሱ አላልሽኝም እንዴ? በሩን ቀስ ብለን..."

"በሩ እማማን ካልሰበረ አይከፈትም።"

"ስሚ። ይሄን ከሰበርሽው ዛሬ ማታ ውርጩ ገብቶ ያለውን ሁሉ ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለ መስታወት ባሌ ውስጥ የለም። የሹም ሚስት ላይ ስብርባሪ አርግፈሽ ደግሞ ደህና ሆነው ቢነሱስ? ማን ነው የሚቆምልን?"

ደህና ሆነው ቢነሱስ የሚለው በእሷም ልብ ውስጥ ነበር። ወይዘሮ አሰገደች እጃቸውን ማንሳታቸውን በዓይኗ አይታለች። ወለሉ ላይ የወደቁትን ወፎች እንደገና አየች። አንዷም አልተነቃነቀችም። መዶሻውን ከአብዶ ተቀበለች።

ሰው የሌለበትን መርጣ በሳነቴ በኩል ዝቅ ያለውን መስታወት መሀሉን መታችው። ከዚያ ዞራ በወፍጮው በኩል ያለውን መታች፤ በአንድ በኩል ብቻ ቢከፈት ነፋስ አያልፍም። ቀጥላ ሌላ፣ ቀጥላ ሌላ። አቶ ገብረወልድ መጀመሪያ ክንዷን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ። ሦስተኛው መስታወት ሲረግፍ ውስጥ ማንም እንዳልደነገጠ፣ ማንም ራሱን ቀና እንዳላደረገ አዩ። እጃቸውን መለሱ፤ አካፋ አንስተው ከላይ ያለውን እሳቸው መቱት።

አብዶ ብርድ ልብሱን በስብርባሪው ላይ ጥሎ በመቃኑ ሾልኮ ገባ። እማማን ከበሩ ላይ ጎትቶ፣ ጋቢውን ነቅሎ፣ በሩን ከውስጥ ሳበው። አራቱንም አንድ በአንድ አውጥተው ሣሩ ላይ አስቀመጧቸው። ሁለቱ ወዲያው አስመለሳቸው። ወይዘሮ አሰገደች ለመቆም ሞክረው መልሰው ተቀመጡ፤ "ራሴን፣ ራሴን" አሉ።

እማማ ወለተኢየሱስ አልነቁም። ፊታቸው ቀላ ብሎ ደህና ሰው ይመስላሉ። ትንፋሻቸው አለ ለማለት ጉንጭን አፋቸው ድረስ ማስጠጋት ያስፈልጋል።

ሰው ተሰበሰበ። የእማማ ልጅ ገብረ ሚካኤል ከሚሠራበት ሱቅ እየሮጠ መጣ። እናቱን ሲያይ ጋቢውን አነሳና ከእግር እስከ ራሳቸው ሸፈናቸው። "ያዙልኝ፣ ወደ ውስጥ እናግባት። ላብ በላብ ናት፤ ነፋሱ ይገድላታል።"

"እውነቱን ነው" አለ አንድ ሰው። "ቤት ይግቡ፣ በሩም ይዘጋ።"

ሎሚ ከእማማ ኋላ ቁጭ ብላ ጀርባቸውን በደረቷ ደገፈች። ጋቢውን ከፊታቸው ላይ ገለጠችው። ፊታቸውን ወደ ሳነቴ አዞረች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ገብረ ሚካኤል።

"ነፋስ ይግባላቸው።"

"ልቀቂያት። እናቴ ናት።"

"እናትህ ናቸው። ወደ ቤት ግን አይገቡም።"

"ሐኪም ነሽ አንቺ?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ከየት አመጣሽው?"

"እዚያ ቤት ውስጥ ነፋስ አጥተው ነው የወደቁት። እንደገና ዝግ ቤት ላግባቸው?"

ገብረ ሚካኤል እጇን ከእናቱ ትከሻ ላይ ሊያላቅቅ ያዛት። ስቱኮ ያጠነከረው እጅ ነው፤ አልላቀቅ አለው። ሰዉ አጉረመረመ። ሴትዮዋን በብርድ አስጥታ ልትገድላት ነው ተባለ። ሎሚ ሰማችው። እንደሚሉት ከሆነ፣ እማማ በዚህ ነፋስ ላይ ቢሞቱ፣ የገደለቻቸው እሷ ናት፤ በዚያ ግቢ፣ በዚያ ከተማ መኖሯ አበቃ። ይህን ሁሉ አሰበች። እጇን ግን አላላላችም።

"ስማኝ ገብረ ሚካኤል" አለ አብዶ። "ጋሪዬ ተጠምዷል። ሐኪም ቤት እናድርሳቸው። ደረታቸውን ሸፍን፣ እግራቸውን ሸፍን፤ ፊታቸውን ግን ልጅቷ እንዳለችው እንተወው። ጋሪ ጣሪያ የለው፣ እስክንደርስ ወላሂ ነፋስ ይጠግባሉ። ከዚያ ሐኪሙ ይፍረድ።"

ገብረ ሚካኤል እናቱን አየ። "ጫናት" አለ።

በቅሎዋ በጎባ ዳገት ላይ በሶምሶማ ሄደች። ሎሚ እማማን እንደያዘች ጋሪው ላይ ናት፤ ገብረ ሚካኤል የእናቱን እግር ታቅፏል። ነፋሱ የሎሚን ዓይን ያስነባል። በየመንገዱ የሚያልፉት ሰዎች "ምነው አትሸፍኗቸውም?" ይላሉ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። ገብረ ሚካኤል አንድ ጊዜ ጋቢውን ወደ ላይ ሳበው። ሎሚ መልሳ አወረደችው። ሁለተኛ አልሳበውም።

የድልድዩን እንጨት ሲሻገሩ እማማ ሳሉ። እንደገና ሳሉ። ጭንቅላታቸው በሎሚ ደረት ላይ ተንቀሳቀሰ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ በሚጎተት ድምፅ፣

"ምን በድዬሽ ነው" አሉ፣ "እንደ ገብስ የምታሰጪኝ?"

ገብረ ሚካኤል ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። አብዶ በቅሎዋን ማስሮጡን አላቆመም። ሎሚ ጋቢውን እስከ እማማ አገጭ ድረስ ሳበችላቸው። ከዚያ አላለፈችም።

እማማ ሐኪም ቤት አድረው ወጡ። ሌሎቹ ሦስቱ ራስ ምታቱ ሰንበት ብሎ ለቀቃቸው። ቆላ ቤቱ ግን አልተረፈም፤ ሌሊቱን ውርጩ ገብቶ ሙዙንና ፓፓያውን አጠቆራቸው። ወፎቹ ሞቱ፣ እስስቷም። በሕይወት የተገኘችውን እንሹ አቶ ገብረወልድ ኮታቸው ውስጥ አድርገው ቤታቸው አሳደሯት። ለተወሰኑ ቀናት ከሎሚ ጋር ከሥራ በቀር ሌላ አልተነጋገሩም። አንድ ጠዋት ስብርባሪውን ስትለቅም አጠገቧ ቆመው፣ "ምድጃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ" አሉ። ስብርባሪውን አብረዋት ለቀሙ።

ቤቱ ቆይቶ እንደገና ተገጠመ። ከሰል ግን አልገባበትም፤ ሞተሩ ሲቆም ሙዙም የመጣውን ይቀበላል።

እማማ ወለተኢየሱስ ዓመላቸውን አልተዉም። ማታ ማታ ከሰላቸውን አንድደው መስኮታቸውን ይዘጋሉ፤ ሎሚ ከክፍሏ ወጥታ ትከፍትባቸዋለች። "ይቺ ልጅ በነፋስ ሳትገድለኝ አታርፍም" ይላሉ ለጎረቤት። ተነስተው ይዘጋሉ፤ እሷ ተመልሳ ትከፍታለች። ይህ በየቀኑ ነው። አንድ ቀን ሥራ ቢያመሻት፣ አንድ ቀን ሲናና ዘመድ ጥየቃ ብትሄድ፣ ያን መስኮት ማን እንደሚከፍት አታውቅም፤ የሚያሳስባትም ይኸው ነው።

ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ሁሉ ሎሚ አንድ ልመና አላት። ዛሬ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ከሰል ነድዶ እንደሆነ፣ ፍሙ ጠርቷል፣ ጭስ የለውም ብላችሁ አትቀመጡ፤ የሚገድለው መርዙ አይታይም፣ አይሸትም፤ ተነሱና መስኮቱን አንድ መዳፍ ክፈቱ። ብርድ የሚፈሩ አዛውንት ካሉ ጋቢ ደርቡላቸው፣ መስኮቱን ግን አትዝጉላቸው። ቢቆጧችሁ ቁጣውን ቻሉት።